የልጄ ልብ 78 በመቶ ይረጫል ተባለ፤ ታዲያ ለምን ይደክመዋል?

ጉርድ ሾላ (ጠያቂ) · ማክሰኞ፣ ማታ 3:20

ሰላም እንዴት ናችሁ። እዚህ ቤት አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ዛሬ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ወንድ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ይቆማል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም። ሁለተኛው ፎቅ ሲደርስ የጫማውን ክር እንደሚያስር ልጅ ቁጢጥ ይላል። ጫማው ግን ክር የለውም፤ በማጣበቂያ የሚዘጋ ነው። ይሄን ያየችው እናቱ ናት። እኔማ "ሰነፍክ" እያልኩ እቆጣው ነበር።

ባለፈው ሳምንት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሮጦ ሳይጨርስ ዓይኑ ጨለመበትና ወደቀ። አፍታም ሳይቆይ ነቃ። ሰፈር ውስጥ ያለ ክሊኒክ ወሰድነው። "ደም ማነስ ነው፣ ቁርስ ሳይበላ ወጥቶ ነው" ብለው የሚጠጣ ብረት ሰጥተው ሸኙን። ደረቱን እንኳ አላዳመጡትም። እናቱ አልተዋጠላትም፣ ሌላ ቦታ ወሰደችው። እዚያ ያለው ሐኪም አስተኝቶ አዳመጠው፣ አስቁሞ አዳመጠው፣ ደግሞ ቁጢጥ አስብሎ አዳመጠው። ከዚያ "ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሣ" አለ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ይሄ ነው። ግራና ቀኙን የሚለየው ግድግዳ 16 ሚሊ ሜትር። መውጫው ላይ ግራዲየንት 44። ሚትራል ቫልቭ ትንሽ ያፈሳል። ኢ.ኤፍ. 78 በመቶ። ከሥር "ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ" ተብሎ ተጽፏል፤ የልቡ ጡንቻ ወፍሯል ማለት ነው አሉን።

ኢ.ኤፍ. ምን እንደሆነ ጎግል አደረግሁ። ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም መጠን ነው፣ 55 ካለፈ ደህና ነው ይላል። የልጄ 78 ነው! ታዲያ እንዲህ የሚረጭ ልብ ያለው ልጅ አራተኛ ፎቅ መውጣት እንዴት ያቅተዋል? ጡንቻው ወፍሯል ሲሉኝም "ጡንቻ መወፈር ጥሩ አይደለም እንዴ?" ልል ብዬ አፈርኩ። ከኋላችን ያለው ወረፋ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት ተጀምሮለታል፣ ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስቲ የምታውቁ በቀላል አማርኛ አስረዱኝ።

የጎጃሟ · ማክሰኞ፣ ማታ 3:41

አይዞህ ወንድሜ፣ እግዜር ይማርልህ። ይሄ ቶንሲል ነው። የእህቴም ልጅ እንዲሁ ይደክማት ነበር፣ በየወሩ ፔኒሲሊን ትወጋለች፣ አሁን ደህና ናት። ቶሎ መርፌውን አስጀምረው።

የሌሊት ተረኛ · ማክሰኞ፣ ማታ 4:05

የጎጃሟ፣ እህቴ፣ በቅንነት እንዳልሽው አውቃለሁ። ግን ይሄ ሌላ ነው። የእህትሽ ልጅ ያላት ቶንሲል አመጣሹ፣ ሩማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም ይመስለኛል። እሱ ቫልቭን ነው የሚያበላሸው፤ የሚጀምረውም ካልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ነው። መርፌው በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው ኢንፌክሽኑ እንዳይመለስ ነው። አገራችን ውስጥ በልጅ ላይ "ልብ" ሲባል ሁላችንም ወደዚያ የምንሮጠው ወደን አይደለም፣ ስለበዛ ነው። የዚህ ልጅ ግን የጡንቻው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚመጣ። ፔኒሲሊን ግድግዳውን አያሳሳውም።

እኔ ነርስ ነኝ፣ የልጆች ክፍል ነው የምሠራው። የኢ.ኤፍ. ነገር ለዶክተሩ ትቼዋለሁ። @ማዳመጫ፣ ካልተኛህ ብቅ በል።

ሸገር 22 · ማክሰኞ፣ ማታ 4:12

ልብ ማበጥ ነው በአጭሩ። አባቴም ነበረበት። ላሲክስ ነው መድኃኒቱ፣ ውሃውን ያወጣለታል፣ ትንፋሹ ይከፈታል። ግማሽ ኪኒን በ

[አወያይ፦ የመድኃኒት መጠኑ ተሰርዟል። እዚህ መጠን መጻፍ አይቻልም።]

ማዳመጫ · ማክሰኞ፣ ማታ 5:30

ከላሲክስ ልጀምር፣ እሱ ስለሚያስፈራኝ። ሸገር፣ አትቀየመኝ። የአባትህ ልብ ሰፍቶ፣ ሳስቶ፣ መግፋት አቅቶት ነበር ይሆናል። "ልብ ማበጥ" የሚባለው ቃል ነው ሁላችንንም የሚያሳስተን። የሰፋውንም የወፈረውንም አንድ ላይ ይጠቀልላቸዋል (ኩራተኛውንም ጭምር)። የዚህ ልጅ የተገላቢጦሽ ነው። ውስጡ ጠቧል። ከጠበበ ክፍል ላይ ውሃ ቀንሶ ደም ማሳነስ መውጫውን ይባስ ሊዘጋው ይችላል። ላሲክስ በዚህ በሽታ ፈጽሞ አይሰጥም ማለቴ አይደለም፣ ሐኪም እያየ በጥንቃቄ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ከዘመድ መሳቢያ ግን አይወጣም።

አሁን ወደ አባትየው። ጥያቄህ የሚያሳፍር አይደለም። የሕክምና ተማሪዎችም እዚህ ጋ ነው የሚወድቁት።

78 በመቶ ሲባል "የምን 78?" ብለህ ጠይቅ። ለምሳሌ ያህል ነው፣ የልጅህ ቁጥር አይደለም። ደህና ልብ 70 ሚሊ ሊትር ሞልቶ 60 በመቶውን ቢረጭ 42 ሚሊ ሊትር ይወጣል። ግድግዳው ወደ ውስጥ የወፈረ ልብ ደግሞ የሚይዘው 45 ብቻ ቢሆንና 78 በመቶውን ቢረጭ 35 ነው የሚወጣው። መቶኛው በለጠ፣ ደሙ አነሰ። ከሲኒ ሙሉውን ብትቀዳ ከጀበና ግማሹን ከቀዳው ሰው አትበልጥም።

ስለዚህ የልጅህ ልብ መጨበጥ አላቃተውም። የቸገረው መፍታት ነው። ልብ ከጨበጠ በኋላ መላላት፣ መለጠጥና ደም መቀበል አለበት። ቆዳ ሲለፋ አይተህ ታውቃለህ? የለፋ ቆዳ ስልቻ ሲሞሉት እሺ ብሎ ይለጠጣል። ያልለፋው ግን ጠንካራ ነው፣ አይቀደድም፣ ግን አይሞላም። በግድ ልሙላው ስትል ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ልብ ላይም እንደዚያው ነው። የላይኛው ግራ ክፍል የታችኛውን ለመሙላት ሲታገል ራሱ እየሰፋ ይሄዳል፣ ግፊቱ ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ ልጁ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ቁጭ ሲል ደህና የሚሆነው ጊዜ ስላለው ነው። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ አንዱ ምት 1 ሰከንድ ይወስዳል። 150 ሲደርስ 0.4 ሰከንድ ብቻ ነው ያለው። ከዚህ ላይ የሚሰረቀው በብዛት የመጨበጫው ጊዜ አይደለም፣ የመሙያው ነው። ለመሙላት ጊዜ የሚፈልግ ልብ ጊዜ ሲያጣ አስበው። ሁለተኛው ፎቅ ማለት ይሄ ነው። ፕሮፕራኖሎል የታዘዘለትም ለዚህ ነው። ምቱን ያዘገየዋል፣ ኃይሉን ያበርደዋል፣ የመሙያ ጊዜ ይገዛለታል። ብዙ ወላጅ "ልቡ እየደከመ እንዴት ጭራሽ የሚያዘገይ ትሰጡታላችሁ" ይለኛል። እውነት አለው፣ ሲሰሙት ግራ ያጋባል።

ሁለተኛው ነገር መውጫው ነው። የወፈረው ግድግዳ ደም ወደ ትልቁ ቧንቧ ወደ አኦርታ የሚወጣበት በር አጠገብ ነው ያለው። በሩ ሲጠብ ደሙ በፍጥነት ያልፋል፣ ሲያልፍ የሚትራል ቫልቭን (በግራው የላይኛና የታችኛ ክፍል መሀል ያለውን) ክንፍ ወደ ራሱ ይስበዋል። መስኮት ሲከፈት መጋረጃው በነፋስ ወደ መስኮቱ ተስቦ እንደሚለጠፍ። መጋረጃው በሩን ይዘጋል፣ ክንፉም ከቦታው ስለተነሣ ቫልቩ ያፈሳል። ወረቀትህ ላይ "ትንሽ ያፈሳል" የተባለው ከዚህ ሊሆን ይችላል። ግራዲየንት 44 ማለት ልቡ ውስጥና ከበሩ ባሻገር ያለው የግፊት ልዩነት ነው። ከ30 ጀምሮ መዘጋት አለ እንላለን። 50 ሲደርስና ምልክት ሲኖር፣ መድኃኒትም ካልበቃ፣ ስለ ቀዶ ጥገና ማውራት ይጀመራል። ደግሞ 44ቱ ተኝቶ የተለካ ነው፣ ሲሮጥ ይጨምራል።

የቁጢጡን ነገር ሳነብ ግን ቆሜ ቀረሁ። ሐኪሙ አስቁሞና ቁጢጥ አስብሎ ያዳመጠው ለዚህ ነው። ሰው ሲቆም ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ ልብ ውስጥ ያለው ያንሳል፣ በሩ ይበልጥ ይጠባል፣ ድምፁ ይጎላል። ቁጢጥ ሲል ደሙ ወደ ልብ ይመለሳል፣ በሩ ይከፈታል፣ ድምፁ ይቀንሳል። ልጅህ ማንም ሳይነግረው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ራሱን እያከመ ነበር።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ነገ መልስልኝ። ከእናንተ ቤተሰብ ወይ ከእናቱ በኩል፣ በወጣትነቱ ሳይታሰብ የሞተ ሰው አለ?

ጄል · ረቡዕ፣ ጠዋት 2:15

ኢኮ ነው የምሠራው። ስለ 16 ሚሊ ሜትሩ አንድ ነገር ልጨምር። ኢንተርኔት ላይ "15 ሲደርስ ነው በሽታ የሚባለው" የሚለው ለአዋቂ ነው። ልጅ ላይ ሚሊ ሜትር ብቻውን አይሠራም፣ የ2 ዓመትና የ15 ዓመት ልጅ ልብ እኩል አይደለም። ለዚህ ዚ ስኮር የሚባል አለ። ለልጁ ቁመትና ክብደት ከሚጠበቀው አማካይ ምን ያህል እንደራቀ ነው የሚለካው። ለ9 ዓመት ልጅ 16 ብዙ ነው፣ ልደብቅህ አልፈልግም። ለቀጠሮው ክብደቱንና ቁመቱን በዚያው ቀን አስለካ። በግምት የተጻፈ ክብደት ስንት ጊዜ አሳስቶናል መሰለህ።

ሌላው፣ የድሮውን ወረቀት አትጣል። የሚቀጥለውን የምናነጻጽረው ከእሱ ጋር ነው።

እናት ከሜሪላንድ · ረቡዕ፣ ጠዋት 4:50

አባትየው፣ አይዞህ። የኔም ልጅ ስትወለድ የልቧ ግድግዳ ወፍሯል ተብሎ ሰማይ ምድሩ ዞሮብኝ ነበር። እርግዝናዬ ላይ ስኳር ነበረብኝ። ሐኪሞቹ "የእናት ስኳር ከፍ ሲል ሕፃኑ ብዙ ኢንሱሊን ያመርታል፣ ኢንሱሊኑ የልብ ጡንቻውን ያወፍረዋል፣ ከተወለደች በኋላ ይሄዳል" አሉኝ። እውነትም በአምስተኛ ወሯ ኢኮው ንጹሕ ሆነ። ያንተም ይሄዳል ብዬ አምናለሁ።

ማዳመጫ · ረቡዕ፣ ቀን 7:10

እንኳን ደስ ያለሽ እናቴ። ግን አባትየው የማይሆን ተስፋ እንዳይዝ ልለየው። ያንቺ ልጅ ዓይነት ጊዜያዊ ነው፣ መንስኤው ሲጠፋ በወራት ውስጥ ይጠፋል። የ9 ዓመቱ ልጅ ዓይነት አይጠፋም። አብሮት ነው የሚኖረው። አብሮት ይኖራል ማለት ግን አይኖርም ማለት አይደለም።

በሕፃናት ላይ መንስኤው ብዙ ነው፣ ሰፊ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አልዘረጋውም። አንዱን ብቻ፦ ሰውነቱ የላላ፣ አንገቱን መያዝ ያቃተው፣ ልቡ ደግሞ በጣም የወፈረ ጨቅላ ካያችሁ ፖምፔ የሚባል የኢንዛይም ጉድለት ይኖራል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚተካ ኢንዛይም አለው፣ ዋጋው ግን ለብዙ አገር የሚቀመስ አይደለም። ጡት ሲጠባ በላብ የሚጠመቅ፣ ሁለት ጠብቶ የሚያርፍ፣ ክብደት የማይጨምር ሕፃን ደግሞ በማንኛውም ምክንያት ይታይ።

የቅዳሜ ኳስ · ረቡዕ፣ ቀን 9:30

ማርክ ቪቪየን ፎዬ! የካሜሩኑ። በ2003 እ.ኤ.አ. በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ፣ ሊዮን ላይ፣ ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወቱ 72ኛው ደቂቃ ላይ ማንም ሳይነካው የወደቀው። 28 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር ይሄው በሽታ ነው የተባለው። ቤት ውስጥ በቀጥታ እያየን ነበር፣ አባቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

ጥያቄ ግን አለኝ። እንደ እሱ ያለ ሰው ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ልብ እንዴት ተጫወተ? አውሮፓ ድረስ!

ማዳመጫ · ረቡዕ፣ ቀን 10:02

አያስታውቅም፣ ለዚህ ነው ክፉ የሆነው። ብዙዎቹ ምንም ምልክት የላቸውም። አደጋው ድካም ብቻም አይደለም። ደህና የልብ ጡንቻ ክሮቹ እንደ ሸማኔ ድር ጎን ለጎን የተደረደሩ ናቸው። በዚህ በሽታ ድሩ ይወለጋገዳል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይጠላለፋል፣ መሀሉ ላይ ጠባሳ ይበቅላል። የልብ ኤሌክትሪክ እዚያ ውስጥ ሲገባ መንገድ ይስታል። አንዳንዴ ምቱ ወደ መንቀጥቀጥ ይለወጣል፣ ያኔ ልብ ደም አይረጭም። ሩጫ ደግሞ ቁስል ላይ ጨው ነው። የወፈረ ጡንቻ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ የሚመግቡት ትናንሽ ቧንቧዎች ግን ይጨፈለቃሉ። ልብ ራሱን በዋናነት የሚመግበው በሚላላበት ጊዜ መሆኑን አትርሱ፣ እሱ ጊዜ ደግሞ ሲሮጡ ያጥራል።

እየሮጠ የወደቀ ልጅን "ቁርስ ስላልበላ ነው" ማለት የማይገባው ለዚህ ነው። ሰልፍ ላይ ቆሞ መውደቅ ሌላ ነው። እየሮጡ መውደቅ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እና ኢኮ ነው የሚፈልገው።

ባለ ባትሪው · ረቡዕ፣ ማታ 1:45

ከፍራንክፈርት። 31 ዓመቴ ነው፣ በሽታው የተገኘብኝ በ12 ዓመቴ ነው። እንደ ልጅህ።

ስሜ ባለ ባትሪው የሆነው ደረቴ ውስጥ ስላለ ነው። ዝም ብሎ ይከታተላል፣ ምቱ ከተበላሸ በኤሌክትሪክ ይመታዋል። አንድ ጊዜ መትቶኛል፣ ባቡር ስጠብቅ። በቅሎ ደረቴን የረገጠችኝ ነው የመሰለኝ። ግን ይሄው እየጻፍኩ ነው። ሁሉም ልጅ ባትሪ አያስፈልገውም። መውደቁን ግን ለሐኪሞቹ ደጋግመህ ንገራቸው፣ ሲወስኑ ከሚያዩአቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ልነግርህ የፈለግሁት ሌላ ነው። እናቴ ከ12 ዓመቴ ጀምሮ አልጋ ላይ ነው ያሳደገችኝ ማለት ይቻላል። አትሩጥ፣ አትሳቅ፣ አትቆጣ። የልደት ግብዣ ላይ ወንበር ይዤ ከአሮጊቶች ጋር ነበርኩ። 17 ስደርስ ልቤ ሳይሆን ጉልበቴ ነው የደከመው፣ ወፍሬም ነበር። የዛሬ ሐኪሞቼ ያንን አይሉም። የከረረ ውድድር፣ ድንገት ብሎ መሮጥ የለም፤ መራመድ፣ ቀስ ያለ ብስክሌት፣ ከልጆች ጋር መጫወት፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ አለ። ቀጠሮህ ላይ "ምን አይፈቀድለትም" ብቻ ሳይሆን "ምን ይፈቀድለታል" ብለህ ጠይቅ።

ጉርድ ሾላ (ጠያቂ) · ረቡዕ፣ ማታ 4:30

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የጀበናውን ምሳሌ ለእናቱ አነበብኩላት፣ "ታዲያ እንደዚህ አይሉም ነበር እንዴ" አለች።

ዶክተር፣ ጥያቄህን ቀኑን ሙሉ ይዤው ዋልኩ። አለ። ታናሽ ወንድሜ። በ1998 ዓ.ም.፣ ቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ሚካኤልን አስገብተው ሲመለሱ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ይጫወት ነበር። 22 ዓመቱ ነበር። ወደቀ፣ አልተነሣም። ምች መታው ተባለ። እናቴ እስከ ዛሬ ያን ቀን ጠዋት ዶሮ ወጥ አብልታ ፀሐይ ላይ የሰደደችው ራሷ እንደሆነች ነው የምታስበው።

ለሐኪሙ አልነገርኩትም። አልጠየቀኝም፣ እኔም አላገናኘሁትም።

ማዳመጫ · ረቡዕ፣ ማታ 5:15

ነፍሱን ይማር። ያለ ምርመራ ወንድምህ በዚህ ሞተ ማለት አልችልም። ግን ይሄን ነገ ደውላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፣ ቀጠሮውን አትጠብቁ። የልጁን ሕክምና ሊለውጥ ይችላል።

ሌላው ደግሞ አንተ ነህ። ይሄ በሽታ በብዛት ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚወረስ ነው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ። ወንድምህ ከነበረው፣ ልጅህም ካለው፣ መሀል ላይ ያለኸው አንተ ነህ። ሌላ ልጅ አላችሁ?

ጉርድ ሾላ (ጠያቂ) · ረቡዕ፣ ማታ 5:22

የ5 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። እኔ ግን ምንም አይሰማኝም። ጠዋት ጠዋት ከሲኤምሲ እስከ አያት ድረስ እሮጣለሁ።

የሌሊት ተረኛ · ረቡዕ፣ ማታ 5:26

ነገ አትሩጥ። ኢኮ እስክትነሣ ድረስ። አደራ።

ሴት ልጅህም ትታይ፣ እናትየዋም፣ ያሉህ እህት ወንድሞችም። ልጆች አንዴ ታይተው "ደህና ናት" ቢባሉም አያበቃም፣ ግድግዳው በዕድገት ጊዜ ሊወፍር ስለሚችል በየዓመቱ ወይ በየሁለት ዓመቱ ይደገማል።

ጉርድ ሾላ (ጠያቂ) · ሐሙስ፣ ጠዋት 1:50

አልሮጥኩም። ለሐኪሙም ደወልን፣ ቀጠሮው ወደ ሰኞ መጥቷል። አንድ የቤት ጉዳይ ልጠይቅ። ልጄ ፍልሰታን ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ይጾማል፣ ቅዳሴ እስኪያልቅ ምንም አይቀምስም። እናቴ ዘንድሮ ከጾመና ጸበል ከተጠመቀ ይድናል ትላለች። እንዴት ላድርግ?

የሌሊት ተረኛ · ሐሙስ፣ ጠዋት 3:30

ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ልጅ ሆዱን ባዶ ብዙ ሲቆይ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ክፋቱ ደግሞ መድኃኒቱ የስኳር መውረድን ምልክት ይደብቃል፣ የልብ መምታቱንና መንቀጥቀጡን አታይም፣ ድንገት ፍዝዝ ብሎ ታገኘዋለህ። ከምግብ ጋር ነው የሚወስደው። ውሃ መጠማትም መውጫውን ያጠበዋል። ተቅማጥና ትውከት ከያዘው "እስከ ነገ እንይ" የለም፣ ቶሎ ሐኪም ቤት። ደግሞ መድኃኒቱን ጸበል ገባ ብላችሁ በድንገት እንዳታቋርጡበት። የጉንፋን ሽሮፕ ከፋርማሲ ስትገዛም ልብ ሕመምተኛ መሆኑን ተናገር፣ አፍንጫ የሚከፍቱት አንዳንዶቹ ልብ ያስሮጣሉ። ኢነርጂ ድሪንክ ደግሞ ቤትህ አይግባ።

ዲያቆን ነኝ · ሐሙስ፣ ጠዋት 4:00

ለእናትዎ ይንገሩልኝ፣ ሕመምተኛ ላይ ጾም አይጸናም። የንስሐ አባታችሁ ቤት ድረስ መጥተው ቢነግሯቸው ይሻላል፣ ከልጅ አፍ ሲሰሙት ሰበብ ነው የሚመስላቸው። ጸበሉን ይጠጣ፣ መድኃኒቱንም ይዋጥ። ሁለቱ አይጣሉም።

የጎጃሟ · ሐሙስ፣ ቀን 6:20

እኔ ደግሞ ቶንሲል ብዬ አሳሳትኩህ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። የእህቴን ልጅ ወረቀት አስመጥቼ አየሁ፣ እውነትም "ሩማቲክ" ነው የሚለው።

የቅዳሜ ኳስ · ሐሙስ፣ ማታ 2:00

ሲስተር፣ ሜዳ ላይ ሰው ቢወድቅስ? እኛ የምናውቀው ውሃ መርጨት፣ ክብሪት ማሽተትና እግር ማንሣት ነው።

የሌሊት ተረኛ · ሐሙስ፣ ማታ 2:40

ጥራው። ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ ክብሪቱን ተወው። አንዱ አምቡላንስ ይጥራ፣ አንዱ ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው ያስተኛው። የደረቱ መሀል ላይ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ልጅ ከሆነ የደረቱን ውፍረት ሲሶ ያህል፣ አዋቂ ከሆነ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ተጫን። ሲመለስ ሙሉ በሙሉ ልቀቀው። አታቁም። የልብ ማስነሻ መሣሪያ ያለበት ቦታ ከሆነ አምጡት፣ ራሱ እየተናገረ ይመራችኋል። ማንበብ አይበቃም፣ ስልጠና የሚሰጥ ፈልጋችሁ በእጃችሁ ተለማመዱት። ጉርድ ሾላ፣ የልጁ የስፖርት አስተማሪም።

ጉርድ ሾላ (ጠያቂ) · ከመጀመሪያው ጥያቄ 18 ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 4:10

ጠፋሁ አይደል። ወሬ ልንገራችሁ።

ልጄ 24 ሰዓት ምቱን የሚመዘግብ ሆልተር አደረገ። ገመዶቹን ለክፍል ጓደኞቹ "ሮቦት ሆንኩ" እያለ ሲያሳይ ዋለ። መድኃኒቱ ትንሽ ከፍ ተደረገለት። ባትሪ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚለውን ሐኪሞቹ ተሰብስበው ይወያዩበታል፣ የወንድሜን ነገር ከጻፉበት በኋላ ጉዳዩ ከበድ ብሏል። ደረጃውን አሁን እየቆመ ይወጣል፣ እኔም አብሬው እቆማለሁ። ኮዳ ገዛንለት፣ አስተማሪው ክፍል ውስጥ እንዲጠጣ ፈቀደለት። "ምን ይፈቀድለታል" ብዬም ጠየቅሁ፣ ባለ ባትሪው። ሐኪሙ ወረቀቱን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ። መራመድ፣ ቀስ ያለ ጨዋታ፣ ሲደክመው ራሱ እንዲያቆም። የክፍሎች ውድድር የለም። ለጊዜው የኳስ ዳኛ ሆኗል፣ ፊሽካው አሳበደን።

ሴት ልጄ ደህና ናት፣ ከዓመት በኋላ ተመለሱ ተብለናል።

እኔ 18 ሚሊ ሜትር ነኝ። መውጫዬ ክፍት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ልጄን "ሰነፍክ" ስል የነበርኩት ሰውዬ 18።

የከበደኝ እማዬን መንገር ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብዬ የወንድሜንም የልጄንም የራሴንም ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ "ታዲያ ዶሮ ወጡ አይደለም?" አለች። "አይመስለኝም እማ" አልኳት። ዶክተሩ እርግጠኛ አይደለሁም እንዳለኝ ግን አልደበቅኳትም።

ሐኪሙ እሷም ትታይ ብሏል፣ በእሷ ወይ በአባቴ በኩል የመጣ ሊሆን ስለሚችል። አባቴ የለም። "እኔ አሮጊት ምን ያደርግልኛል" ብላ አሻፈረኝ አለች። ያሳመናት ልጄ ነው። "አያቴ፣ አያምም እኮ፣ ጄሉ ብቻ ነው የሚቀዘቅዘው፣ አብሬሽ እገባለሁ" አላት። ረቡዕ ጠዋት ይሄዳሉ።

ጄል · ቅዳሜ፣ ጠዋት 4:25

ከፊት የሚከፈት ልብስ ትልበስ። ጋቢዋንም ትያዝ፣ ክፍሉ ይበርዳል።